ዝምተኛ ጋላቢ

ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ስሆን የምተዳደረውም የፈረስ ኮቴ እየጠረብኩ ነበር። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ጉም የምሠራበትን የፈረስ ግቢ ውጦት ሳለ፣ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀላ ያለ ዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በግቢው ውስጥ ክብ ሠርታ ትዞር ነበር። የማወጋችሁ ስለ እርሷ ነው። በዓይኔ ያላየሁትን ራሷ ነግራኛለች።

«የልጓሙን ዛብ አላሊው!» አለቻት አክስቷ አጥሩን ተደግፋ። «ወገብሽን ልቀቂው። ኮርቻው ላይ ማንም እንደሌለ ሁኚ።»

«እንቅልፍ ሊወስዳት ነው እኮ» አልኩ፣ የሌላ ፈረስ እግር በጉልበቶቼ መካከል እንደያዝኩ። «ኮሽታ፣ ትራስ ላምጣልሽ?»

ኮሽታ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሕፃን ሳለች ቅጠል ሲወድቅ እንኳ ትነቃ ነበር ብለው ስለነገሩኝ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ «ጋሼ፣ አንተ ይልቅ እግሩን ሳትቆርጠው ጨርስ» ብላ ታሾፍብኝ ነበር። ኮርቻ ላይ ግን ወሬ ክልክል ነው። የአክስቷ ሕግ ነበር።

መኪና ከበዛ ወዲህ ሰጋር ፈረስ ፈላጊ አጥቶ ነበር። ሰጋር ማለት ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ፣ ጭኑ ላይ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጥ እንኳ ጠብታ ሳያፈስ የሚሄድ ፈረስ ነው። ድሮ በስስት ይጠበቅ የነበረ እንዲህ ያለ ፈረስ፣ ያኔ ለቆዳውና ለአጥንቱ በሚገዛ ነጋዴ የጭነት መኪና ላይ ይጫን ጀመር። አክስቷ አቅሟ የፈቀደውን ያህል ከዚያ መኪና ላይ እያወረደች፣ ቁስላቸውን እያስታመመች፣ የተበላሸ እርምጃቸውን እንደገና እያሠለጠነች፣ ለሚወድዳቸው ሰው ትሰጥ ነበር። ፈረስ መስገሩን መልሶ የሚያገኘው የገዛ ኮቴውን ሲሰማ ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ ጋላቢው ዝም ይላል፣ ሰውነቱንም ያላላል።

ዳማውን ሁለት ሰዎች ወስደው ሁለቱም መልሰውታል። «ደህና ፈረስ ነው፣ ግን...» አሉና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊናገሩት አልቻሉም። ጋጣው ሞልቷል። አክስቷ እንደገና የተመለሰ እንደሆነ ልታስቀምጠው አትችልም፤ ቅዳሜ የነጋዴው መኪና ይመጣል። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ነበር ሰውነቷን ለማላላት ያን ያህል የምትታገለው።

ድንገት ሆነላት። ወገቧ ለቀቀ። እጇ ከጭኗ ላይ ወደቀ፤ አንገቷም ወደ ደረቷ አዘነበለ። ወዲያው የፈረሱ እርምጃ ተለወጠ። የኮቴው ድምፅ ሱፍ ላይ እንደሚረግጥ ሆኖ ጠፋ። ሰውነቷ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ጀርባው ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ወደ ግራ ስታዘነብል ትከሻውን ከሥሯ ያስገባል። ልጅቷ እንደምትለው፣ ያን ጊዜ እየጋለበች አልነበረም። ፈረሱ ተሸክሟት ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ ግቢው የለም። በሩ ለገለባ ጋሪ ተከፍቶ ነበርና ወጥተዋል፤ በዙሪያዋ ያለው ጉም ብቻ ነው። ልትናገር አስባ ከንፈሯ ከበዳት። ዝምታው የራሷ ሳይሆን የሌላ ሰው ንብረት መሰላት። ፈረሱ መንገድ ሲከፈል አያመነታም፤ አንዱን ይዞ ይሄዳል። እርሷ በዚያ በኩል ሄዳ አታውቅም።

በመጨረሻ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ቆመ። አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረና አፍንጫውን ከእግሯ ላይ አድርጎ አሸተታት። ረጅም ጊዜ አሸተታት። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ይጠብቅ ጀመር።

«ምነው?» አለች ልጅቷ፣ በሹክሹክታ።

ፈረሱ እንደ ተገረፈ ደነገጠ። ከእርሷ ድምፅ ይሰማል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

በሩ በእጅ ስፋት ያህል ተከፈተ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። እኔ... ፈረሱ ነው ያመጣኝ።»

አንዲት አሮጊት ወጡ። ልጅቷን ትተው ፈረሱን ነበር የሚያዩት። «ተናገሪ» አሏት።

«ምን ልናገር?»

«የፈለግሽውን። ብቻ ዝም ብለሽ አትቀመጪበት። ውረጂ፣ ልጄ። ውረጂ በይ።»

ወረደች። አሮጊቷ ፈረሱን ሳይነኩት፣ በሩን እንደያዙ ነገሯት።

«ባለቤቴ መሬት ቀያሽ ነበር። ከወንዙ ማዶ እየመጣ ሳለ ነው ልቡ የቆመችው። ባርኔጣው እዚያው ነው የተገኘ። እሱ ግን አልወደቀም። ይኸ እያቃና፣ እየሰበሰበ፣ እንደ ተቀመጠ አደረሰው።» ወደ ውስጥ፣ ወደ ቤታቸው አዩ። «ደጅ ሲደርስ የልጓሙን ድምፅ ሰምቻለሁ። ቆመ። ራት አቀረብኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ራቱ ሲቀዘቅዝ ወጣሁ።»

ልጅቷ ወደ ባዶው ኮርቻ አየች።

«ዝም ያለ ሰው ሲቀመጥበት የሞተ ይመስለዋል» አሉ አሮጊቷ። «ባለፈው ደግሞ አንድ ጎልማሳ አመጣ። ነገሩን ሳልጨርስለት እግሬ አውጪኝ አለ። አንቺ ትሻያለሽ፣ ቆመሽ ሰማሽኝ።»

ልጅቷ ፈረሱን እየሳበች በእግሯ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አፏን አልዘጋችም። የማባዣ ሰንጠረዥ አወረደችለት። የኬሚስትሪ መምህሩን አነጋገር አስመሰለችለት። እኔንም ሳታማኝ አልቀረችም። ጆሮው ወደ እርሷ እንደ ዞረ ነበር።

ያን ምሽት ሁሉንም ለአክስቷ ነገረቻት። አክስቷ የፈረሱን ግላስ፣ የኮርቻውን ጨርቅ፣ እያጠፈች ሰማቻት።

«ነገ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ» አለች በመጨረሻ። «ይህን ወሬ አታነሺባቸውም።»

«አክስቴ፣ እኛ እኮ ነን ያባባስነው! ዝም በሉ፣ ላላ በሉ የምንለው እኛ ነን።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ቅዳሜ መኪናው ላይ የምታወጪው አንቺ ትሆኛለሽ? እኔ ሰልችቶኛል፤ እጄ አይታዘዝልኝም።» ግላሱን እንደገና ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «አልዋሽም እያልኩሽ አይደለም። በሕይወት ይኑር እያልኩሽ ነው።»

በማግሥቱም ጉሙ አልለቀቀም። አንድ ሽክ ያለ ሰው እናቱን በመኪና ይዞ መጣ። እናቲቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የደም ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸው ዝሏል፤ ንግግራቸውም ተሰባብሯል። ሐኪም፣ ረጋ ባለ ፈረስ ላይ መቀመጥ ወገባቸውን ያበረታል ብሎ መክሯቸዋል። በመኪናው በር በኩል እግራቸውን አውጥተው ተቀመጡ።

«እናቴ አታስቸግርም» አለ ልጃቸው። «ከታመመች ወዲህ ትንፍሽ አትልም። ፈረሱም ዝምተኛ ነው አሉ፤ ተስማሙ ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ።

ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ምንም አይናገሩም?»

«ምኑን ትናገረዋለች? መስማቷንም እንጃ።»

ሴትዮዋ ከጀርባው ሆነው ልጅቷን አዩአት፤ ከዚያም፣ «ይኸውልሽ፣ የወለድኩት ይኸ ነው» በሚል ዓይን ወደ ልጃቸው ጀርባ ጠቆሙ። ልጅቷ ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች።

«ነውር አለበት?» ሲል ሰውዬው ጠየቀ።

«እሷን ጠይቃት» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋ ደረቅ ብሎ። «በየቀኑ የምትቀመጥበት እሷ ናት።»

ሁላችንም ወደ ልጅቷ ዞርን። እኔ ሞረዴን አቆምኩ። ዳማው ከጋጣው በር በላይ አንገቱን አውጥቶ ይመለከታል። ልጅቷ ወደ እርሱ አላየችም፤ ብታየው ኖሮ አልችልም ነበር ብላኛለች። በሰውዬው አጠገብ አልፋ ሄዳ ከእናቱ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ ለእርስዎ ልንገርዎት።»

ከሰማያዊው በር ጀምራ እስከ ቀዘቀዘው ራት ድረስ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው!» ብሎ ጮኸ ልጃቸው። «እናቴን ሬሳ ያመላለሰ ፈረስ ላይ? እንሂድ! እግርሽን አስገቢ፣ እማ!»

አክስቷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ሴትዮዋ ደህናውን እጃቸውን ከፍ አድርገው ልጃቸውን ዝም አሰኙት። ቃሉን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው ቆዩ።

«አል... ወደቀም?»

«ማን፣ እማማ?»

«ሰው... ዬው።»

«አልወደቀም።»

«እስከ... በሩ?»

«እስከ በሩ።»

ሴትዮዋ ዝቅ ብለው የዛለ እግራቸውን አዩ። «እኔ... በየቀኑ... እወድ... ቃለሁ» አሉ። ከዚያ ለማንም መልስ ቦታ በማይሰጥ የአስተማሪ ድምፅ፣ «አውጡኝ!»

ልጅቷ ዳማውን ጭና ልጓሙን ይዛ አመጣችው፤ እኔና ልጃቸውም ሴትዮዋን አንሥተን ኮርቻው ላይ አስቀመጥናቸው። ሰውዬው እየተነጫነጨ ነበር። የሴትዮዋ ግራ ጎን ወዲያው ወደ ታች ተሳበ። ፈረሱ አንገቱን አዞረ። እግራቸውን አሸተተ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አድርጎ ጠበቀ። ሴትዮዋ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልመጣላቸውም። ፈረሱም ጉዞ ጀመረ፣ በዚያ ድምፅ በሌለው እርምጃ፣ በቀጥታ ወደ ግቢው በር።

«ያዢው!» አለ ሰውዬው።

«ኮሽታ፣ ልጓሙን!» አለች አክስቷ።

ልጓሙ በልጅቷ እጅ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ይቆማል፤ ይህንንም ታውቃለች። ቀና ብላ አየች። ሴትዮዋ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ፈረሱ ትከሻውን ከሥራቸው አስገብቶ ይሰበስባቸዋል። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም። ከታመሙ ወዲህ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ደግፎ ይዟቸው ነበር፤ ይህ ግን አይጠራጠርም ነበር።

ልጅቷ እንዳለችኝ፣ ያን ጊዜ ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፦ ፈረሱ እዚያ ሰማያዊ በር ደርሶ፣ የተሸከመው ዝምተኛ ሰው በሕይወት ሲወርድ ማየት አለበት። አንድ ቀን አይበቃ ይሆናል። ምን ያህል ቀን እንደሚፈልግ እርሷ አታውቅም።

እጇን ከልጓሙ ላይ አነሣች። በሴትዮዋ የዛለ እግር ላይ አደረገችው። በትከሻዋም የግቢውን በር ገፍታ ከፈተች።

ይህን የጻፍኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ ያዛባሁት አይጠፋም። ከዚያ ግቢ ሰዎች ወይም ከልጆቻቸው አንዱ ቢያነብበው ያርመኝ። በተለይ አንድ ነገር አለ። ሦስቱ ጉም ውስጥ ሲገቡ እኔ የሰማሁት የልጅቷን እርምጃ ብቻ ነው። ያን ዕለት የፈረሱን ኮቴ የሰማ ሰው ካለ፣ እባክዎ ይንገሩኝ።