የግራ እግር ታኬታ

በረኛው በመልበሻ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አንድ መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ አንድ ጉልበቱን አጥፏል፤ ላየው ሰው ደክሞት የተኛ ይመስላል። ክለቡም ሰፈሩም «ግንቡ» እያለ ነበር የሚጠራው። የቀኝ እግሩ ታኬታ እንደታሰረ ነው፤ ግራው ግን በካልሲ ብቻ ነው። ከእግሩ ፊት ለፊት ውሃ ፈሷል።

ኢንስፔክተሯ ከሰው ፊት አስቀድማ እግሩን የማየት ልማድ አላት። «ፊት የተማረ ውሸታም ነው፤ እግር ግን ገና ፊደል አልቆጠረም» ትላለች። ጎንበስ ብላ የግራውን ካልሲ ሥር ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ካልሲውን ቀስ አድርጋ ስታወልቀው ተረከዙ ተልጦ ደም አዝሏል፤ የአውራ ጣቱም ጥፍር ጠቁሯል። የግራውን ታኬታ ከአግዳሚው ሥርም፣ ከበሩ ኋላም፣ ከየቦርሳውም ፈለገች። የለም።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ የሟቹን ታናሽ ወንድም በካቴና አስሮ ቆሟል። እሱም በረኛ ነው፤ ግን ተቀያሪ። ታላቁ «ግንቡ» ከተባለ ወዲህ ሰፈሩ ታናሹን «አጥሩ» ብሎታል። ሲጠሩት ይስቃሉ፤ እሱ ግን አብሯቸው ስቆ አያውቅም።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ አልቋል» አለ ወጣቱ ፖሊስ። «ከጨዋታው በኋላ 'ቦታዬን ልቀቅ!' እያለ ሲጮህበት ሰው ሁሉ ሰምቷል። ገፍትሮ ጥሎት ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው። «ካቴናህ እንዲያ እንዳይሆን።»

የሁለቱ በረኞች እናት ደጅ ላይ፣ በተመልካች መቀመጫ ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ኢንስፔክተሯን ሲያዩ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ጠዋት ሁለት ልጆች ይዤ ነው የመጣሁት። አንዱን ሞት ወሰደብኝ። አንዱን ደግሞ እናንተ ልትወስዱት ነው። ባዶ እጄን ወደ ቤት አትስደጂኝ።»

ኢንስፔክተሯ እጃቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

አሰልጣኙን በዕቃ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ሰውየው እንኳን በሜዳ፣ በዕቃ ክፍልም ታኬታውን አላወለቀም።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «የግራ ጫማውን አውልቆ ሲነሳ እርጥቡ ወለል አዳልጦት ይሆናል። ወይም…» ወደ በሩ አየ። «ወይም ሰው ገፍቶት።»

«ጨዋታው ላይ ጉዳት ደርሶበት ነበር?»

«ግንቡ? እሱማ ብረት ነው! የተጎዳው ተከላካያችን ነው። እግሩ ተሰብሮ ወጌሻችን በእረፍት ሰዓት ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ግንቡ እስከ መጨረሻው ተጫውቷል።»

ቀጥላ ታናሽየውን ለብቻው አናገረችው።

«ምን ብለኸው ነው?»

«'ቦታዬን ልቀቅ' ብዬዋለሁ፤ አልክድም። ከእረፍት በኋላ ሁኔታው አላማረኝም። ግቡን ትቶ ይቆማል፤ ስንት ለስንት ነን እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ኮችን 'እኔን አስገባኝ' ስለው፣ 'ገብተህ ፍጻሜውን ልታሳጣን ነው?' ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ንዴቴን ወንድሜ ላይ ተወጣሁ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ልንጨፍር ወደ ሜዳ ወጣን፤ እሱ 'ራሴን አሞኛል' ብሎ ቀረ።»

«ሲሮጥ ያነክስ ነበር?»

«አዎ፣ በግራው። ኮችም በነጠላ ጫማ ቆሞ ነበርና 'ዛሬ ሁሉም እግሩን አሞታል' እያልን ስንስቅ ነበር።» ፊቱ ጠቆረ። «እንዴት ነው የሳቅኩት?»

«አሰልጣኙ ሁልጊዜ በነጠላ ጫማ ነው የሚቆመው?»

«ኧረ! ያለ ታኬታ ሜዳ አይረግጥም።»

«የመጀመሪያ እርዳታ ተምረህ ታውቃለህ?»

«ወጌሻችን ስታስተምር ሥራ አልለቀቀኝም። ከክለቡ ያልተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወጌሻዋ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ስትደርስ ወሬውን በር ላይ ሰምታ እያለቀሰች ነበር። ኢንስፔክተሯ እሷንም፣ አሰልጣኙንም፣ እናትና ልጁንም በሕክምና ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ተንሸራቶ ወይም ተገፍቶ ወደቀ ተብሏል» ብላ ጀመረች። «የሚወድቅ ሰው ግን መዳፉን ከጉንጩ ሥር አያደርግም። እህቴ፣ እንዲህ መተኛት ምንድን ነው?»

«ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሽ እንዳያጥረው፣ ቢያስመልሰውም እንዳይታፈን በጎኑ የሚተኛበት ነው» አለች ወጌሻዋ። «እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«ስለዚህ ነፍሱ ሳይወጣ ያስተኛው ሰው አለ። ያም ሰው ከእርስዎ ተምሯል። ታናሽየው ደግሞ አልተማረም። ሁለተኛ፣ እርጥብ ወለል አዳለጠው ተባለ፤ የካልሲው ሥር ግን ደረቅ ነው። ውሃው የፈሰሰው እሱ ከተኛ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ የግራ ታኬታው ክፍሉ ውስጥ የለም።»

ወጌሻዋ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጭቃ የነካው ታኬታ አወጣች።

«እኔ ጋ ነው። ጭንቅላቱን ከተመታ ተጫዋች አንድ ጫማውን እወስዳለሁ። ተጫዋች ምክር አይሰማም፤ ያለ ጫማ ግን አይሮጥም። ከእረፍት በፊት እሱና ተከላካዩ ተጋጩ። የሚጮኸውን ሁሉም አየው። እኔ የፈራሁት ዝም ላለው ነበር። ቀኑን ስጠይቀው አላወቀውም። ጫማውን ወስጄ ለኮች 'ከእንግዲህ አይጫወትም፤ ብቻውን አትተወው፤ ካንቀላፋ አምቡላንስ ጥራ' ብዬ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ።»

«ተጫውቷል» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወጌሻዋ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «አጫወትከው?»

«ጥያቄው በማን ጫማ የሚለው ነው» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «ተረከዙን የላጠው፣ ጥፍሩን ያጠቆረው ጫማ ጠቦታል። የታናሽየው እግር ከወንድሙ ይበልጣል፤ የእሱ ሊሆን አይችልም። ከእረፍት በኋላ በነጠላ ጫማ የቆመው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሰልጣኝ፣ የግራ ታኬታዎን ያውልቁልኝ።»

አሰልጣኙ አልተንቀሳቀሰም። ወጣቱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈትቶ አወለቀው። የታኬታው ውስጥ፣ ተረከዙ በሚያርፍበት ላይ፣ ያልደረቀ ደም ነበረበት። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ሲያየው ግን የአሰልጣኙ ተረከዝ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

«አንድ አጋማሽ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው» አለ አሰልጣኙ። ድምፁ አነሰ። «ልጆቹ ሲጨፍሩ ታኬታዬን ልወስድ ገባሁ። ግንቡ አንቀላፍቷል። ጫማውን ሳወልቀው እንኳ አልነቃም። በጎኑ አስተኛሁት። አምቡላንስ ብጠራ 'ማን አጫወተው?' መባሉ አይቀርም። ይነቃል ብዬ… ተመልሼ ስመጣ ሞቷል። ያኔ ነው ውሃውን ያፈሰስኩት።»

«ወንድሙ ሲታሰርስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስታስተኛው ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«በሩን ዘግተህ ስትወጣስ?»

አሰልጣኙ ካልሲ ብቻ የቀረበትን እግሩን አየ።

«አዎ።»

ወጣቱ ፖሊስ ሳይታዘዝ ካቴናውን ከታናሽየው እጅ ፈትቶ ለአሰልጣኙ አጠለቀ። ታናሽየው ከወጌሻዋ እጅ ታኬታውን ተቀብሎ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄደ። ፖሊሱ «ማስረጃ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ከለከለችው።

ታናሽየው ከወንድሙ አጠገብ ተንበርክኮ ታኬታውን በግራ እግሩ አጠለቀለት። ክሩንም ልጅ ሳሉ ወንድሙ እንዳሳየው ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ከዚያ ግን መነሣት አቃተው። እናቱ ከኋላው መጥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ተነሣ ልጄ» አሉት። «ቤት እንሂድ።»