አያት የሌለው አሻንጉሊት

የፍቅራችን መነሻ ትውከት ነው ብል የሚያምነኝ የለም።

የእህቱን የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፎ እኔ ወደምሠራበት የሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ገባ። እህቱ እርጉዝ ስለሆነች ልጅቷን መሸከም አልቻለችም። ተቅማጥና ትውከት ይዟት ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። እሱ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው፤ አውቶብሱን በራፋችን ላይ እንዳቆመው በመስኮቱ ይታያል።

«ሲስተር፣ ቶሎ ጉሉኮስ አድርጊላት። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።»

መርፌ አያስፈልጋትም ነበር። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ዱቄት በውሃ በጥብጬ ከሻይ ማንኪያ ጋር ሰጠሁት። «ቀስ እያልክ። አሁን አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ቆይተህ ሌላ።»

«በማንኪያ? ይኼ እኮ እስከ ማታ አያልቅም!»

«አያልቅም።»

ዞር ስል ኩባያውን አስጎነጫት። ልጅቷ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ሙሉውን ጫማዬ ላይ መለሰችው።

ልሳቅበት ወይስ ልጩህበት ሳላውቅ ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ፣ ማንኪያዋን ስጪኝ፣» አለ። ወጥቶ ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌላ አውቶብስ አዛወረና ተመልሶ ከሰዓቱን ሙሉ በማንኪያ አጠጣት። በየማንኪያው መሐል አወራን። ልጅቷ ስትድን እኛ ገና ወሬያችንን አልጨረስንም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አትጠይቁኝ። እሱ ሲያርፍ እኔ ተረኛ ነኝ፤ እኔ ስወጣ እሱ መሪ ላይ ነው። ፍቅራችንን ያወራነው እሱ እየነዳ፣ እኔ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እኔ ለማጅራቱ አወራለሁ፤ እሱ በመስታወቱ ያየኛል።

ሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ሁሉም ነገር ያበሳጨኝ ነበር። ለሁለት ሕፃን አንድ ኦክስጅን፤ ውሃ የማይመጣበት ቧንቧ፤ «ሽሮፕ ካልሰጣችሁኝ አልሄድም» የሚል አባት። መመለሴ ትክክል ነበር? በልቤ ሻንጣዬን አስራለሁ፣ እፈታለሁ።

«እሁድ ቤት ትመጫለሽ፣» አለኝ አንድ ቀን በመስታወቱ። «እማዬ ልታይሽ ትፈልጋለች።»

«ብትጠላኝስ?»

«አንቺን ማን ይጠላል?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ያለ እሷ ምርቃት አላገባም።»

የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

እሁድ ሳይደርስ አንዲት አሮጊት እያለከለኩ መጡ። የታቀፉት ሕፃን በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። ብፈታው፣ ብፈታው አያልቅም። ደረቱ ጋ ስደርስ ክው አልኩ። ትንፋሹ ይጣደፋል፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባል። የሳንባ ምች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። ጉንፋን መስሎኝ፣ በሙቀት ይለቀዋል ብዬ ሸፋፈንኩት።»

«ሸፋፈንኩት! ትንፋሹን እንዴት አያዩም? ልጁ እኮ እቅፍዎ ውስጥ እየሞተ ነው! ይውጡልኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት!»

አሮጊቷ ሕፃኑን አስረክበውኝ ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ከውጭ ተከፈተ።

«እማዬ! ልጁስ?»

እሱ ነው። የእናቱን ፊት አየ፤ ከዚያ እኔን። ሕፃኑ እህቱ ያን ጊዜ አርግዛው የነበረው፣ እኔ ገና ያላየሁት ልጅ ነበር።

«ይቅርታ ጠይቂያት፣» አለኝ መድኃኒት ላመጣ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ።

«ስለ ምኑ? ውሸት ተናገርኩ?»

«አልዋሸሽም። ግን እናቴን እንደ ውሻ አባረርሻት።»

«ቀደም ብለው ቢያመጡት ኖሮ—»

«እሱን አይደለም ያልኩሽ!»

እሱ ወለሉን፣ እኔ ግድግዳውን አየን። ያለ መስታወት መተያየት የማንችል ይመስል።

ተመልሼ ሕፃኑን መድኃኒቱን ወጋሁት፤ የኦክስጅኑን ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ለጠፍኩ። ሕፃኑ እየጮኸ ነቀለው። ለጠፍኩ፤ ነቀለ። በጮኸ ቁጥር ትንፋሹ ባሰበት፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እዚያ ሩቅ አገር የተለማመድነው በአሻንጉሊት ነበር። ጥሩ አሻንጉሊት ነው፤ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል። አያት ግን የለውም። በር በር አያይም።

ይህኛው በሩን ነበር የሚያየው።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። «እማማ፣ ይግቡ።»

«ውጪ አላልሽኝም?»

«ብዬ ነበር። ያለ እርስዎ ግን አልቻልኩም።»

«ልቀፈው? ወይስ አሁንም እገድለዋለሁ?»

«ይቀፉት። ቀጥ አድርገው፣ ደረትዎ ላይ።»

ደረታቸው ላይ ሲሆን ጩኸቱ ወደ ሳግ፣ ሳጉ ወደ እንቅልፍ ተለወጠ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ቱቦውን በጣቴ ደግፌ ያዝኩ። ጉልበቴ ደነዘዘ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ቀላ።

«ልጄ በመስታወት የሚያይሽ አንቺ ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«ምላሷ እንዲህ ነው ብሎ አልነገረኝም።»

«ለእሱ ገና አላወጣሁትም።»

ሊስቁ ነበር፤ ግን አልሳቁም። ስለ እሁድም ትንፍሽ አላሉም።

ያ እሁድ አለፈ፤ የሚቀጥለውም አለፈ። ሕፃኑ ድኖ ወጣ። «እናትህ ምን አሉ?» ስለው ማጅራቱን እንደሰጠኝ ትከሻውን ይሰብቃል። በልቤ ሻንጣዬን እንደገና አሰርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አልፈታሁትም።

ከዚያ አንድ ቀን በመስታወቱ፦ «ዛሬ አምጣት ብላለች።»

«ተቆጥተው ነው?»

«እኔንጃ። ስትቆጣም ስትደሰትም ድምጿ አንድ ነው።»

በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ውጭ ዝናብ ነው፤ የታቀፉት ሕፃን ግን የለበሰው አንድ ስስ ካናቴራ ብቻ።

«ይኸው! አልሸፋፈንኩትም! አንድ ልብስ! ቢታመም ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

እግሩን ዳሰስኩት። በረዶ ሆኗል።

«ካልሲ ያስፈልገዋል፣» አልኩ።

«አሃ!»

«ሹራብም።»

«አሃ!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? ከዚህች ጋር ነው እንግዲህ የምንኖረው።»

እሱ አፉን ሳይከፍት ዓይን ለዓይን፣ ያለ መስታወት አየኝ። እሳቸው ሕፃኑን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በይ አልብሺው። በሩንም ዝጊ፤ ብርድ አስገባሽበት።»