ጨው ሳይገባበት የተቀዳው ጭቃ

ከጭቃ ሹም ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው።

«ጭቃ ሹም» የቁፋሮ ሠራተኛው ያወጣለት ቅጽል ነው። ነዳጅ ፍለጋ የምንቆፍረው ጉድጓድ እንዳይናድ ወደ ውስጥ የሚለቀቀውን ጭቃ የሚያዘጋጀው እሱ ነበርና። እኔ ደግሞ መሣሪያ በገመድ እያወረድኩ ዓለቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እለካለሁ። ጨዋማ ውሃ የያዘ ዓለት በደንብ ያሳልፋል፤ ነዳጅ የያዘው ግን አላሳልፍም ብሎ ይገግማል። ሥራዬ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን በጭቃ ቦቲው ቢሮዬ ዘው አለ። ወለሉን ገና መወልወሌ ነበር!

«አንተ ሰውዬ፣ በር ላይ ያለው ምንጣፍ ለጌጥ መሰለህ?»

«ይቅርታ እህቴ፣ ዐይኔ ወደ ታች አላይ ብሎኝ ነው።»

የሚያየው እኔን ነበር። ደሜ ፈላ፤ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የጭቃ ናሙና ያመጣልኛል። ጭቃው ጨው ካለበት ወደ ዓለቱ ሰርጎ ልኬቴን ያሳስታል፤ ነዳጁን ውሃ ያስመስለዋል። ስለዚህ ናሙናውን አይቼ ሒሳቤን አስተካክላለሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሱ ግን አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ስለ እናቱ ያወራኛል። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ!

ጉድጓዱ ሦስት ሺህ ሜትር ሲደርስ ለካሁ። ውሃ ነው። ኃላፊያችን ወረቀቱን አየና «በቃ፣ ነገ ጠዋት በሲሚንቶ ይደፈን» አለ። ዓመት ሙሉ የለፋንበት ጉድጓድ!

ምሳ ላይ ለጭቃ ሹም ነገርኩት። ሹካው እጁ ላይ ቀረ።

«የመጨረሻው ናሙና ጨው አልነበረበትም አይደል?» አለኝ።

«አልነበረበትም። ምነው?»

«ጨው የጨመርኩት ለአንቺ ከቀዳሁ በኋላ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ስብሰባ አለብኝ አላልሽኝም? ሳትሄጂ ልይሽ ብዬ ማልጄ ቀዳሁት። ከዚያ ቁፋሮው የጨው ድንጋይ ላይ ደረሰና፣ ድንጋዩ እንዳይሟሟ ጭቃው ላይ ጨው ጨመርኩ። ሌላ ናሙና ማምጣቱን ረሳሁት።»

ክው አልኩ። እኔን ለማየት ሲል አንድ ሙሉ ጉድጓድ ሊያስቀብር!

«እንደገና መለካት አለብኝ» አልኩት።

«ለኪ። የኔን ነገር ግን አታንሺ፤ ሁለተኛ ጥፋቴ ነው፣ ያባርሩኛል። እናቴ ከኔ ሌላ ሰው የላትም።»

እንባው ዐይኑ ላይ ግጥም ብሎ ነበር። ቃል አልገባሁለትም።

ኃላፊውን «ልድገመው» አልኩት። «ምን ተለወጠ?» አለኝ። መልሱ ጨው ነው። ጨው ካልኩ ደግሞ ማን እንደጨመረው የማያውቅ የለም። እንዲያም ሆኖ ተናገርኩ። እየወደድኩት ተናገርኩበት።

ጭቃው ሰርጎ ያልደረሰበትን ዓለት ርቆ የሚያይ ሌላ መሣሪያ አወረድን። ነዳጅ ነበር። ካምፑ በጩኸት ተናጋ፤ ሰው እየመጣ ይጨብጠኛል። ጭቃ ሹም በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ በመስኮቴ በኩል አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ደወልኩለት፤ አያነሳም። አንድ ወር ሙሉ ደወልኩ። ፈቃድ ስወጣ ቤቴ አልሄድኩም፤ አድራሻውን ከአንድ ባልደረባው ተቀብዬ በቀጥታ እናቱ ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄን ያስባረርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«እሱስ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት ነው የሚለው። ስልክሽን የማያነሳው አፍሮ ነው፤ በምን ዐይኔ አያታለሁ እያለ። ግቢ በይ! ሲቆዝም ውሎ ሲቆዝም እያደረ እኔን ነው የጨረሰኝ።»

እሱ ጓዳ ድንች ይልጥ ነበር። ሲያየኝ ቢላው ከእጁ ወደቀ። ከስቷል። ብዙ ልናገር አስቤ የሄድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ብደብቅልህ ኖሮ ትወደኝ ነበር?» አልኩት።

«እወድሽ ነበር። ነገ ከኔም ትደብቂያለሽ ብዬ ላገባሽ ግን እፈራ ነበር።»

«አሁንስ?»

መልሱን የሰጡኝ ከኋላዬ የቆሙት እናቱ ናቸው። «አሁንማ የሚፈራው ተመልሰሽ እንዳትሄጂ ነው።»

እሱም አላስተባበለም።