ብልሽቱ ያልተገኘ ሽጉጥ

ፀሐይዋ ገና ሳትጠነክር ቁልፍ ሠሪው የከተማውን የመጨረሻ ነዳጅ ማደያ አልፎ አስፋልቱን ለቀቀ። ከፊቱ መንገድ መሪው አህያውን እየነዳ ይሄዳል። አህያው ላይ አራት ጀሪካን ውሃ፣ ዱቄትና ብርድ ልብስ ተጭኗል። ቁልፍ ሠሪው ወገብ ላይ ደግሞ የሟች ልጁ ሽጉጥ አለች።

ትንሽ ሽጉጥ ናት፤ ሰፊ መዳፍ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ግን የድሮ ሥራ ናት። በዛሬዎቹ ላይ የምናየው ፕላስቲክ የለባትም፤ ከእጀታዋ ሁለት የእንጨት ልባጦች በስተቀር ሁለመናዋ ብረት ነው። ለዓይን ትቀላለች፣ ለወገብ ትከብዳለች። ሱሪውን ወደ ቀኝ ትጎትተዋለች፤ የዳሌውን አጥንት ትፍቀዋለች፤ ላብ ከነካት ደግሞ ዝገት ታወጣለች። የመያዣ ፈቃዷ ልጁ ከሞተ በኋላ በአባት ስም ተዛውሯል።

መንገድ መሪው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው። ሲበዛ ዝግተኛ ስለሆነ መንደሩ «ቶሎቶሎ» ብሎ ጠርቶት ቀርቷል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«እሷ ናት እርስዎን የምትጠብቀው፣ ወይስ እርስዎ ነዎት ሱሪዎን ይዛው እንዳትወርድ እሷን የሚጠብቋት?»

ቁልፍ ሠሪው ፈገግ አለ። ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታ መሆኑ ነው።

ልጁ የዱር አራዊት ጠባቂ ነበር። ጣቢያው ከበረሃው ባሻገር፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነው። ከሁለት ወር በፊት የዝሆን ጥርስና የአውሬ ቆዳ የሚነግዱ አዳኞች ጫካ ውስጥ አግኝተው ገደሉት። ሌሎቹ ጠባቂዎች ፈርተው ጣቢያውን ጥለው ሲወጡ ምራቲቱ አራስ ስለነበረች አብራቸው መንገድ መጀመር አልቻለችም። በእነሱ እጅ ደብዳቤ ላከች። «አባባ፣ ዱቄቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ያደርሰኛል። ወንዙ ከሞላ ግን እስከ አራት ወር ማንም አይሻገርም። እኔና ሕፃኑ ብቻችንን ነን።» ቁልፍ ሠሪው ከቤቱ ሲወጣ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ቁልፍ ሠሪው ደግሞ ደብዳቤው የማያውቀው ሌላ ሸክም ነበረበት። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ሽጉጧን ከሥራ ጠረጴዛው ሞርሳ አጠገብ አስቀምጦ፣ «አባባ፣ አልፎ አልፎ ስተኩስ እየያዘች ታስቸግረኛለች፤ እስቲ እያት» ብሎት ነበር። አባት ፈታት፤ በጉሊ መነጽር አያት፤ ገጠማት፤ ተኮሰባት። ምንም የለባትም። እንደገና ፈታት። አርባ ዓመት ሙሉ «አልተገኘልኝም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ለገዛ ልጁ ያንን ማለት አፈረ። የእረፍቱ ቀን ሲያልቅ «ገና ናት፤ ስትመለስ ትወስዳታለህ» አለው። ልጁ ባዶ እጁን ሄደ። ባዶ እጁን ሳለ አገኙት።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሠሪው በየእሁዱ ሽጉጧን ይፈታል፣ በስፌት መኪና ዘይት ያጥባል፣ ያለቅሳል፣ መልሶ ይገጥማል። ለዚህች ምራቱ ፊት ለፊት ቆሞ «እኔ ነኝ ያስቀረኋት» ማለት አለበት። በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ከግርጌው ቡናማ ሆነ። ከዚያ እንደ ግድግዳ ቆመ። ከዚያ ወደ እነሱ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ይተኙ» አለ ቶሎቶሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቻኩሎ። አህያውን አስተኝተው ከሆዱ ተለጠፉ። ነፋሱ ብርድ ልብሱን ገፎ ወሰደ፤ አንዱ ጀሪካን ከአህያው ጎን ሥር ፈነዳ። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ጥርስ መሃል ገባ፣ ጆሮ ደፈነ፣ ከሸሚዝ ሥር ገብቶ ከላብ ጋር ተቦካ። ከቀትር እስከ ማምሻ እንዲያ ገረፋቸው። ሲነሱ ሁለቱም ሽማግሌ ሆነዋል፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነበር።

«እኔን እንኳ ሚስቴ አታውቀኝም» አለ ቶሎቶሎ እየተፋ። «አህያውን ግን ታውቀዋለች። ከኔ ይልቅ እሱን ነው የምትወደው።»

በማግስቱ አሸዋው አልቆ እሾሃማ ቁጥቋጦ ጀመረ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አህያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጆሮውን አሾለ። ከቁጥቋጦው ሦስት ጅቦች ወጡ። ድርቁ ጎናቸውን ስለበላው የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። የጠገበ ጅብ ሰው ይፈራል፤ እነዚህ ግን መፍራቱን ከረሱት ቆይተዋል።

«ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ይምቱት፤ ሁለቱ ይሄዳሉ።»

ቁልፍ ሠሪው ሽጉጧን መዘዘ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ። ዝም። የላይኛውን ብረት በኃይል ጎተተው፤ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ጣቱን ሲሰድበት ሊጥ ነካ። በየእሁዱ ያጠጣት ዘይት የበረሃውን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ተቦክቷል። አያችሁ፣ ይህ ሰው ለበረሃ ሰዎች ቁልፍ ሲሸጥ አርባ ዓመት ሙሉ «ዘይት እንዳትነኩት፤ አቧራ ይይዝበታል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ብቻ» እያለ ሲመክር የኖረ ነው። ለሰው ቁልፍ ያወቀውን ለልጁ ሽጉጥ ሐዘን አስረሳው።

የፊተኛው ጅብ አህያው ላይ ተወረወረ። ቶሎቶሎ፣ ያ ዝግተኛ ሰው፣ ዱላውን ይዞ መሃል ገባ። ጅቡ አህያውን ለቀቀና የቶሎቶሎን ጭን ያዘ። ቁልፍ ሠሪው ዘሎ ደረሰና ሽጉጧን እንደ መዶሻ ይዞ የጅቡን አናት ደጋግሞ ቀጠቀጠው። ብረቱ ያን ጊዜ አልከዳውም። ጅቡ አጓራ፣ ለቀቀ፣ ሦስቱም ወደ ቁጥቋጦው ሸሹ።

ቁልፍ ሠሪው ሸሚዙን ቀዶ የቶሎቶሎን ጭን አሰረ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ» አለ ቶሎቶሎ ጥርሱን ነክሶ። «እኔ ግን ይኸው አስጣልኩ።»

«አትናገር። ደምህን ቆጥብ።»

«ምነው ጋሼ፣ ያቺ ነገር እምቢ አለች?»

«በዘይት ያነቅኋት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«አሮጌ ናት» አለ።

ጎህ ሲቀድ ሽጉጧን ፈታ። ሊጡን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ በቀጭን እንጨት ከየጉድጓዱ አወጣ፤ ከዚያ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በቢላ ፋቀና ጥቁሩን ዱቄት በየመገጣጠሚያው ነሰነሰ። የላይኛው ብረት ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ፤ እንደ ዘይት ሳይሆን እንደ እስትንፋስ። ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ።

ወንዙ ዳር በደረሱ ጊዜ ቶሎቶሎ አህያው ላይ ተጋድሟል፤ ትኩሳቱ ከሩቅ ይጋረፋል። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከላይ ዝናብ እንደጣለ ግንድና ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ጠባቂዎቹ ለምራቲቱ የተዉላት ሁለተኛው የጣቢያው ጀልባ ማዶ ታስሮ ይታያል። ወዲህ ያለው አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሰው የቆሙበት የእንጨት ታንኳ ብቻ ነው፤ ትልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ የነብር ቆዳና በጆንያ የተጠቀለለ ጥርስ የተጫነበት።

«ሞልቷል» አለ ወፍራሙ።

«ቁስለኛ አለኝ። ማዶ ደግሞ አራስ አለችኝ።»

«አህያውን ተውልን፣ አንተ ተሻገር። ያኛውማ የሞተ ነው፤ ምን ያደርግልሃል?»

ቁልፍ ሠሪው ሽጉጧን መዘዘ። ቀጭኑ ሳቀ። «አባባ፣ ያቺን መጫወቻ ከየት አመጣሃት?»

አነጣጠረበት። ልጄን የገደሉት እነዚህ ቢሆኑስ? የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ጣቱ ቃታው ላይ ከበደ። ባይሆኑስ? ማንም ሊነግረው አይችልም፤ ጥርስ የጫነ ሁሉ አንድ ፊት ነው ያለው። አፈሙዙን ከሰውየው ደረት አንስቶ ወደ ውሃው ተኮሰ። ጥይቱ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ማዶ ያሉ ወፎች በአንድ ላይ ተነሱ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ቶሎቶሎ ከአህያው ላይ በደከመ ድምፅ። እሱ ቀልዱን ነበር። ቁልፍ ሠሪውን ግን የጅቡ ጥርስ ያን ጊዜ ነከሰው።

ሰዎቹ ጆንያዎቹን አውርደው ከነአህያቸው አሻገሯቸው። ወንዙ መሃል ታንኳው ሲንገዳገድ ቶሎቶሎ የቁልፍ ሠሪውን እጅ ያዘ። «አህያውን ለሚስቴ ያድርሱልኝ። ደግሞ አይሩጡ፤ መንገድ የሚጥለው ሯጭን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ማዶ ሲደርሱ የያዘው እጅ ቀዝቅዟል።

ጣቢያው ከወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በአህያ አስከሬን ጭኖ ለሚሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። የቆርቆሮ ቤት፣ ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ካርታ። ምራቲቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኛት። ሕፃኑን የጠቀለለችበት የአባቱ የሥራ ሸሚዝ ነው፤ ቁልፎቹ ሳይቀሩ አሉ። አህያው ላይ ያለውን አስከሬን አይታ አካፋ አመጣች። ቶሎቶሎን ከባሏ ጎን አብረው ቀበሩት።

ከዚያ ቁልፍ ሠሪው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። ሽጉጧን እንዳስቀራት። ብልሽቱ እንዳልተገኘለት። ያንን ማለት እንዳፈረ።

ምራቲቱ ሕፃኑን አጠገቧ አስተኛች።

«አባባ፣ ሽጉጧ ደህና ነበረች።»

«እንዴት?»

«ምንም አልነበረባትም። እማማ ካረፉ ወዲህ እርስዎ ሱቁን ዘግተው ስለተቀመጡ ይጨነቅ ነበር። ‹አባባ እጁ ሥራ ከፈታ ይሞትብኛል፤ የሌለ ብልሽት ሰጥቼው መጣሁ› አለኝ። ‹አንድ ቀን ምንም የለባትም ብሎ ይሰድበኛል፤ ያን ቀን ተስቆ አያልቅም› አለኝ።» የሸሚዙን ቁልፍ በጣቷ ያዘች። «እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያለ መሣሪያ ጫካ መግባቱን እያወቅሁ ሳቅሁ።»

ማን ማንን ያጽናና? ልጅ አባቱን ሊያኖር ዋሸ፤ አባት ክብሩን ሊያኖር ዋሸ፤ ሚስት ሳቀች። ከሦስቱ ውስጥ ክፉ የለም። ሞት ግን በዚያች ቀዳዳ ገባ። ሁለቱ ተቀምጠው እያለቀሱ ሕፃኑ ተኝቶ ነበር።

በማግስቱ ወንዙ ክንድ ያህል ጨምሮ ጠበቃቸው። አህያውን ከጀልባው ኋላ በገመድ አስረው ሲቀዝፉ ግንዶቹ ጎናቸውን እየገጩ ያልፉ ነበር። መሃል ላይ ቁልፍ ሠሪው ሽጉጧን አውጥቶ ውሃውን አየ። ልጣላት ብሎ ነበር። ግን ከፊታቸው የጅብ አገር አለ፤ አህያው ላይ የምትቀመጠው አራስ ናት። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ ታጠቃት። በመንገዱ ሁለት ጊዜ ተኮሰባት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘችም። ምስጋናም አላገኘችም፤ ክብደቷ ግን እንደነበረው ነበር።

በስድስተኛው ቀን የቶሎቶሎ መንደር ደረሱ። ቁልፍ ሠሪው ወደ ገዛ ቤቱ የሚወስደውን መኪና አልፈለገም። የሰውየውን ሚስት ቤት ጠይቆ አህያውን እየጎተተ ሄደ። ሴትየዋ ከበሩ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። አህያውን አየች፤ ጎታቹን አየች፤ እጇ ላይ ያለው እርጥብ ልብስ ወደቀ።

«ጅብ ነው እህቴ» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ እሷ ሳትጠይቅ። «ግን እኔም አለሁበት። መሣሪያ ይዤ ነበር፤ በገዛ እጄ አበላሽቼው እምቢ አለኝ። ሲጠይቀኝ ደግሞ እውነቱን አልነገርኩትም።»

አልጮኸችም። ወደ ምራቲቱ ዞራ፣ «ልጁን ፀሐይ እያገኘው ነው፤ ግቢ» አለቻት። አስገብታት በሩን ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ ለቅሶዋ ተሰማ።

ሂድ ያለው የለም፤ ግባ ያለውም የለም። ቁልፍ ሠሪው አህያውን አራገፈ፣ ውሃ አጠጣ፣ የወደቀውን ልብስ አጥቦ አሰጣ፤ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆመ። ጥላው ረዘመ። ሴትየዋ ዓይኗ አብጦ ወጣችና በርጩማ አስቀመጠችለት፤ እሷም ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው። «ምንም እንዳይዘሉብኝ።»

ቁልፍ ሠሪው ተቀመጠ። ከራሱ ጥፋት ጀመረላት።