በአውድማ ላይ የተለቀሰው የመንበሩ ለቅሶ

አቻምየለሽ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ ለቅሶ ሰማች። ጣሊያን ቡሬን ከያዘ ወዲህ በቋሪት ደጋ ለቅሶ ብርቅ አልነበረም። የጎጃም ሰው መቼም ለቅሶ ሰምቶ አያልፍም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አውድማው አቀናች።

ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሐሉ ላይ መንበሩ ተዘርሯል፤ ደረቱ ደም በደም ሆኗል።

መንበሩን እንደምትወደው ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ ግራዝማች ንብረት፣ ሃይለ ሚካኤል ለሚባል ባላባት ሊድሯት ቀን ቆርጠዋል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ነበር የሰነበተችው። አሁን ግን አባቷ እዚያው ተቀምጠው እያዩ መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም።

ሬሳው ላይ አንዲት ሴት ተደፍታ፣ «ባሌ፣ መከታዬ» እያለች በዜማ ታለቅሳለች።

ይሄ ከሞቱ ባሰ። ሚስት ነበረው ማለት ነው?

ሰው ጥሳ ገባችና ሴትዮዋን በነጠላዋ ይዛ ጎተተቻት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ? መንበሩ የኔ ነው፤ ባሌ ነው» አለችና የገዛ ፊቷን ነጨች።

ነጠላው ሲገለጥ ደረሰ የሚባለው ባለጢሙ የመንበሩ ጓደኛ ብቅ አለ። ዓይኑን ያቁለጨልጫል።

ሬሳውም ቀና አለ። «አቻም፣ ምን ነካሽ?»

እንደሷው ለቅሶ ሰምተው የመጡት ሴቶች ሙት ተነሣ ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ለካ ጨዋታ ኖሯል። መንበሩ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ትያትር አይቶ ነበር። ንግግሩን ሁሉ ዜማ አድርጎ፣ የአርበኛ ታሪክ ይዞ መንደር ለመንደር መዞር ጀመረ፤ ባገሩ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው የለም። ሴት ለዚህ አትወጣምና ሚስት የሚሆነው ደረሰ ነው። ደሙም የዶሮ ነው። ለአቻምየለሽ አዝማሪ ሆነ ብላ እንዳትንቀው ፈርቶ አልነገራትም።

ግራዝማች ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ባሌ ብላ ባደባባይ ፊቷን ነጭታለች። እንግዲህ ለማን እሰጣታለሁ?» አሉ። «ውሰዳት። ግን ይህን አዝማሪነትህን ዛሬውኑ ትተዋለህ።»

መንበሩ መሬት መሬቱን አየ። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት አየችው። ተዘርሮ ከማየቷ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት።

«አይሆንም አባዬ» አለች። አባቷን እንቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «ይቅር ይበሉኝና፣ በኔ ምክንያት ዝም ካለ የምኖረው ከሬሳው ጋር ነው።»

ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመልሰው ተቀመጡ።

የፊቷን ደም እየጠረገች ወደ መንበሩ ዞረች። «ቀጥሎ የት ነው የምትሞተው?»

«ቡሬ አጠገብ። እዚያ ግን ጣሊያን ቅርብ ነው፤ ከያዘን የእውነት ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ላንተ ደረሰ አያለቅስም።»