አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት

የሰፈሩ አዳራሽ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። ሰው ለሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ የሰማውን በተናጋሪው ቦታ ሆኖ፣ «እኔ» እያለ መልሶ መናገር አለበት። ተናጋሪው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» ካላለው በቀር ወደ ራሱ ሐሳብ መሻገር አይችልም። ሕጉን ያወጣችው የአዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ገና ወጣት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በዚህ ነገር ግን ፍንክች የማትል።

ሕግ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሩቅ የፈለሱት ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ከገቡ ወዲህ፣ ነባሮቹና አዲሶቹ ዳቦ ቤት በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው እንኳ ሰላም አይባባሉም። እነዚያ የእነዚህን ቋንቋ ጩኸት ይሉታል፤ እነዚህ የእነዚያን ዝምታ ንቀት ይሉታል። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አስቀምጣ ማነጋገር ጀመረች። መጀመሪያ አካባቢ ከሰዎቹ ወንበሮቹ ይበዙ ነበር። እያደር ግን መቀመጫ ጠፋ።

ድምፅ ማጉያውን የሚያሰናዳው ወጣት ከአዲሶቹ ወገን ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ከትከሻውም የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ፣ ሰፈሩ «ሽቦ» ብሎ አውጥቶለታል። በመጀመሪያው ቀን ማይክራፎኑን ሲያቀብላት ገመዱ እግሯን ጠልፎ ሊጥላት ሲል ክንዷን ያዘ። ከያዘ በኋላ መልቀቁን ትንሽ ዘነጋው።

«ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አላት።

«ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አለች እሷም ኮስተር ብላ።

ግራ ገባው። «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«ሕጉ ነዋ። አሁን ‹አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት› በል እንጂ።»

ሳቁ አመለጠው። ከዚያን ቀን ወዲያ ስሟ በእሱ አፍ «ዳኛዬ» ሆኖ ቀረ።

ሰው ከተበተነ በኋላ እሷ ወንበር ስታጥፍ እሱ ገመድ ይጠቀልላል። ገመድ መጠቅለል ያን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። አንድ ቅዳሜ እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ አላልቅ ይለኛል» አላት።

መሬት መሬት እያየች «ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ አላልቅ ይለኛል» አለች። በዚህኛው ጊዜ እየቀለደች አልነበረም። ሽቦ «አዎ» ማለቱን ረስቶ የጠቀለለውን ገመድ መልሶ ፈታው።

ፍቅራቸው ለማንም ሳይነገር ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። ወሬው ከቤት ሲደርስ የእሷ አባት «አይሆንም» አሉ። የእሱም እናት «አይሆንም» አሉ። አባቷ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። «ሁለቱንም አዳራሹ ውስጥ እናስቀምጣቸው» አለችው። «በአጥር ድንበር ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ሰዎች እዚህ ተሰማምተው ታርቀዋል። ሁለት ደህና ሰዎች እንዴት ያቅታቸዋል?»

«እናቴን አታውቂያትም።»

«አንተ ሕጌን አታውቀውም።»

ዕለቱ ደረሰ። አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እናቱ የመጡት ከሥራ ነበርና ቀሚሳቸው ላይ ቁርጥራጭ ክር ተለጥፎ ነበር። አባቷ ጀመሩ።

«ትልቋ ልጄ የሌላ አገር ሰው አግብታ ሄደች። የልጅ ልጅ አለኝ። ስልክ ላይ እሱ የእኔን ቋንቋ አያውቅ፣ እኔ የእሱን አላውቅ። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ይሄንን ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም።»

ይህን ለልጃቸው አንድም ቀን ነግረዋት አያውቁም። እሷ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አባቷ አዲሶቹን የሚንቁ ይመስላት ነበር።

እናቱ ልብስ እየሰፉ በለመዱት በሰው አገር ቋንቋ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ መለሱት። «እኔ የልጅ ልጅ አለኝ። እሱ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ይሄንን ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም።»

አባቷ መሐረባቸውን አወጡ። «አዎ፣ እህቴ። እሱን ነው ያልኩት።»

ተራው የእናቱ ሆነ። «እኛ ስንመጣ ቤቱ ቀረ፣ ዘመዱም ቀረ። በቋንቋዬ የሚያናግረኝ ልጄ ብቻ ነው። እሱ እዚህ ካገባ ቤቱ ውስጥ የሚወራው የእናንተ ቋንቋ ነው። በገዛ ልጄ ቤት እንግዳ እሆናለሁ። እንግዳ ሆኜ መሞት አልፈልግም።»

አባቷ አንዲት ቃል ሳይጥሉ፣ በራሳቸው እንደደረሰ አድርገው ተናገሩት። እናቱ «አዎ» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለቱ አዛውንቶች ተነስተው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ያለቀሰም ነበር።

እሷ ማይክራፎኑን ጨብጣ ቆማለች። አሁን እሺ ይላሉ ብላ ልቧ ይዘላል።

አባቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ እኚህን ሴት ያላቸውን አንድ ልጅ አልነጥቃቸውም።»

እናቱም «እኔም ለእሳቸው የቀረችላቸውን ልጅ አልወስድም» አሉ።

በቃ። ተግባቡ። ባይግባቡ ኖሮ መለመን ነበር፣ ማኩረፍ ነበር፣ ሲብስም ተያይዞ መጥፋት ነበር። ተግባብተው አይሆንም ሲሉ ግን ምን ይባላል? እሷ ሰው ከተረዳኝ እሺ ይለኛል ብላ ስታምን ነው የኖረችው። አዳራሹን ያቆመችውም በዚሁ እምነት ነበር።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሽቦ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። በዚህኛው ቀን ፈጠነ።

«እንሂድ፤ ሁለታችን» አለችው። «ሌላ ከተማ።»

«ትናንት ብትዪኝ፣ እናቴ ግትር ናት ብዬ ጥያት እሄድ ነበር» አላት። «ዛሬ ግን ሰማኋት፣ ዳኛዬ። ከሰማኋት በኋላ እንዴት አድርጌ?»

«አትተወኝ።»

ገመዱን አስቀመጠ። ሕጉን ያውቃል። «አትተወኝ» አለ።

«አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት።»

አሁን ተራው የእሱ ነበር። ጠበቀችው። ዓይኗን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና ዓይኗን አየ። ከዚያ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከከተማ ከተማ ከሚዞር የሙዚቃ ቡድን ጋር ሥራ ይዞ ሄደ።

የቅዳሜው ውይይት ግን አልቆመም፤ ይልቅ ገነነ። ሁለቱ አዛውንቶች እጅ ለእጅ የተያያዙበት ፎቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ያሳዩታል። አቧራውን የምታራግፈው እሷ ናት። አባቷና ልብስ ሰፊዋ ከፊት ረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሳቸው የአባቷን ሱሪ ያሳጥራሉ፤ አባቷ ደግሞ በስተርጅና የእሳቸውን ቋንቋ እየተማሩ ነው። አባቷ በዚያ ቋንቋ ሰላምታ ሲሰጡ በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች።

አንድ ቅዳሜ ሁሉም ከወጣ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ተመልሰው መጡ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ልጄ ናፈቀኝ» አሉ። «በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ናፈቀኝ።»

እሷ የያዘችውን ወንበር አቁማ ተቀመጠች። የራሷ ሕግ ነው።

«ናፈቀኝ» አለች። «በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ናፈቀኝ።»

እናቱ ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ።

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ነው ያልኩት። አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ ልጄ። የራስሽን ተናገሪ።»

«ተናገርኩ እኮ፣ እማማ» አለች።