ከመስመሩ ጫፍ ያሉ ባዶ ቦታዎች

በጥርስ ሐኪም ቤት ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ወይ ዓይኑን ታሟል፣ ወይ ሰላይ ነው። የአለቃዋ ዓይን ደህና ነበር።

ጉንዳን አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች። የምስጢር ስሟ ነው፤ ደቃቃ ስለሆነች ያወጣላት እሱ ነው። ለራሱ ደግሞ «አጎት» የሚል መርጧል። ዘመድ ለመምሰል ይሆናል።

«ጥርስሽን ነው?»

«እርስዎን ሳይ ነው የሚያመኝ፣ አጎቴ።»

መጽሔቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ። በመሃሉ የታጠፈች ወረቀት አለች።

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይግባ። እንዳለ ገልብጪው። መቁጠር ያንቺ ሥራ አይደለም።»

ጉንዳን አሥራ አንድ ወር ሙሉ የአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መመሪያ አራሚ መስላ ኖራለች። ማንም በፈቃዱ የሚያርመው፣ ማንም የማይከፈልበት ሥራ ነው። ቋንቋውን የሠሩት ሊቃውንት ኮድ ለመጻፍ እንጂ ለሰው ለማስረዳት እጃቸው አይፈታም፤ ያልገባው ሰው ሲጠይቃቸው ደደብ ይሉታል። ለእሷ የደረሳት ምዕራፍ ስለ ባለብዙ መስመር ስትሪንግ ነበር፦ በጥቅስ ተከፍቶ፣ ብዙ መስመር ወርዶ፣ በጥቅስ ስለሚዘጋ ጽሑፍ። መሥሪያ ቤቷ ያለ ምክንያት አልመረጠውም። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ከመስመሩ ጫፍ የተተወ ባዶ ቦታ ለዓይን አይታይም፤ ኮምፒዩተሩ ግን አንድ በአንድ ይይዘዋል።

ድንበር ማዶ፣ በጠላት ሚኒስቴር ውስጥ የተሰገሰገው ሰላያቸው «መርፌ» ስድስት ሰዓት ላይ የመመሪያውን ገጽ በኢንተርኔት ይከፍታል። ባዶ ቦታዎቹን ቆጥሮ በየት እንደሚያመልጥ ያውቃል። ተነቅቶበታል። ዛሬ ካልወጣ ይገደላል።

ቤቷ ገብታ፣ ባዶ ቦታዎቹ በነጥብ የተመለከቱባትን ወረቀት ዘረጋች። ቆጠረች እንጂ፣ ምን ታድርግ?

አራት። አንድ። ሰባት።

በምስጢር ቁጥራቸው የድሮው ወፍጮ ቤት ማለት ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሰዋቸው የተያዘው እዚያው ነው። ይህን የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ እንኳ ታውቃለች። ደወለች።

«አጎቴ፣ ወፍጮ ቤቱ ተነቅቶበታል።»

«ማን ቁጠሪ አለሽ?»

ተሳስቻለሁ አላለም። በቃት። መርፌ በሰላም ከወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ማን ለጠላት እንደሚሠራ ይናገራል፤ የሚሠራው ራሱ አጎት ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ሸጦታል። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ይባላል፤ ይሄ ጅብ ግን ማመኻኛ ለመፈለግ እንኳ ሰነፈ።

«ይቅርታ፣ እንዳለ እገለብጣለሁ» አለችው።

ከዚያ በመስመሮቹ ጫፍ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት ባዶ ቦታ ትታ ጻፈች። ለክፉ ቀን ብላ ከመርፌ ጋር ሁለቱ ብቻ የተስማሙበት ቁጥር ነው። እሷ የመለመለችው ጀልባ ጠጋኝ ቁጥሩ በሚጠቁመው ወንዝ ዳር ይጠብቃል፤ አጎት አያውቀውም።

እርማቱን ላከች። አምስት ሰዓት ተኩል።

የቀረው «ወንፊት» ብላ የሰየመችው ሰው ነበር። እያንዳንዱን እርማት የሚያጸድቀው ሽማግሌ ፕሮግራመር ነው፤ ፊቱን አይታ አታውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ሲያሳድድ የኖረ ሰው እያለች በልቧ ትስቅበታለች።

«እህቴ» ብሎ ጻፈ፣ «ከመስመሮቹ ጫፍ ባዶ ቦታ አለ። ላጥፋው?»

«አታጥፋው፣ ወንድሜ። አንቀጹ የሚያስተምረው እኮ ባዶ ቦታው እንደሚቆጠር ነው።»

«እሺ። ግን ለምን ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት?»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት።

«እኩል ቢሆኑ አንባቢው ቋንቋው ራሱ የጨመረው ይመስለዋል።»

ወንፊት ምሳሌን ሳያስኬድ አያሳልፍም፤ እያስኬደው ነው። ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ሠርቷል። እውነትሽን ነው። ጥሩ አድርገሽ አስበሽበታል።»

ገባ። ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

አጎትም ገጹን መረመረ። በወረቀት አትሞ መረመረው! ባዶ ቦታን ነጭ ወረቀት ላይ የሚፈልግ የስለላ አለቃ። ቀጥሎ «በርቺ» የሚል መልእክት ላከላት።

ያን ዕለት ማታ ወፍጮ ቤቱን የከበቡት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መርፌ በጀልባ ተሻግሮ የአጎትን ስም ጠራ። አጎትን መጥተው እስኪይዙት ግን ሩብ ሰዓት ያህል ተርፎት ነበር። በሩብ ሰዓቱ የእሷን ሰላይነት ለቋንቋው ሰዎች ሁሉ አጋልጦ አዋረዳት።

ወንፊት በአደባባይ ጻፈ፦ «አሥራ አንድ ወር እህቴ ያልኳት ሰላይ ናት። የጻፈችውን በሙሉ አጥፍቻለሁ። ትክክል የነበረም ይኖራል፤ ከእንግዲህ ግን የቱን እንደማምን አላውቅም።»

አንድ መቶ አርባ ሦስት እርማት ነበር። ልትስቅበት ሞከረች፤ አልመጣላትም። አፈረች። «ወንድሜ፣ ምሳሌዎቹ ሁሉ ይሠራሉ» ብላ ጻፈች። መልእክቱ አልሄደም፤ ታግዳለች።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ መታወቂያ፣ በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ፋይል ትደረድራለች። አንድ ቀን ከጎኗ የሚቀመጠው፣ በዚያው ቋንቋ የሚጽፈው ጎልማሳ ፕሮግራመር ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«ይሄ ባዶ ቦታ ከየት መጣብኝ? መመሪያው እንደሆነ ስለ ስትሪንግ ሁለት መስመር ጽፎ ዘጋው! አንድ ሰው አጥቶ ነው እንደ ሰው የሚያስረዳ?» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ስለዚህ ነገር ታውቂያለሽ እንዴ?»

«እኔ? እኔ ፋይል ነው የማውቀው፣ ወንድሜ» አለች።

ሰውየው እስከ ምሳ ሰዓት ሲሳደብ ቆየ።